ከጠፍጣፋ ወረቀት የሚነሣ መጫወቻ፦ ለክረምት የሕፃናት መርሐ ግብር የቀረበ ትምህርት

ትምህርት ቤቶች ከሚዘጉበት ጊዜ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ያለው ወቅት ለብዙ ሰበካ ጉባኤያት የሕፃናት ጉዳይ በተለይ የሚያሳስብበት ወቅት ነው። ዝናቡ ልጆችን ከሜዳ ወደ ቤት ያስገባል፤ ወላጅ ለዕለት እንጀራ ይወጣል፤ ልጁም ወይ ከስልክ ጋር ወይ እጁን አጣጥፎ ይውላል። ኮሚቴዎች ለዚህ ወቅት ሲመክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ መጫወቻ እንግዛ ወይስ እንተወው የሚል ነው። በሁለቱ መካከል ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም ልጆች መጫወቻውን ራሳቸው ከወረቀት እንዲሠሩት ማድረግ ነው። በነፃ የሚገኙና ታትመው የሚሠሩ የወረቀት ሞዴሎች ዛሬ በብዛት አሉ። ሆኖም በነፃ የተገኘው ነገር ሁሉ ያለ ወጪ እንደማይሠራ፣ የሚያምረው ሞዴል ሁሉም ለልጅ እንደማይሆን አስቀድሞ መገንዘብ ያስፈልጋል። የዚህ ትምህርት ዐላማ በጥቂት ወረቀትና በጥቂት መቀስ ብዙ ልጆች ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜው በገዛ እጃቸው የሚያደርሱበትን መንገድ ማሳየት ነው።

የወረቀት ሞዴል ምንድን ነው?

የወረቀት ሞዴል በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ከተሣለ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ታጥፎና ተጣብቆ የሚቆም ዕቃ ነው። ቤት፣ መኪና፣ እንስሳ፣ አውሮፕላን ወይም ሣጥን ሊሆን ይችላል። በሥዕሉ ላይ ያልተቋረጠው መስመር የሚቆረጥበት ነው፤ የተቆራረጠው መስመር የሚታጠፍበት ነው፤ ከዳር ወጣ ብሎ የሚታየው ትንሽ ክንፍ ደግሞ ኮላ የሚቀባበት ነው። እጥፋቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወረቀቱን እንደ ጋራ ጀርባ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው እንደ ሸለቆ ወደ ታች ያወርደዋል። ለየትኛው እጥፋት የትኛው መስመር እንደሚያገለግል ከአዘጋጅ አዘጋጅ ስለሚለያይ፣ መቀስ ከመነሣቱ በፊት በገጹ ዳር ያለውን መግለጫ ማየት ይገባል።

ሥራው አዲስ ፈጠራ አይደለም። በጀርመን አገር ፍሬድሪኽ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ለሕፃናት ባቋቋመው ተቋም፣ በኋላ «የሕፃናት አትክልት» የሚል ትርጉም ያለው ስም በሰጠው፣ ወረቀት ማጠፍና መቁረጥ ከትምህርቱ ክፍሎች አንዱ ነበር። በፈረንሳይ የኤፒናል ከተማ ማተሚያ ቤትና በጀርመን የኤስሊንገኑ የሽራይበር ማተሚያ ቤት በ19ኛው መቶ ዓመት ተቆርጠው የሚገጣጠሙ ሥዕሎችን ያትሙ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለመጫወቻ የሚሆን ብረት በጠፋ ጊዜ በእንግሊዝ አገር በፖስታ ካርድ ልክ የታተሙ ትናንሽ ሞዴሎች ተፈላጊ ሆኑ። በፖላንድም ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ማዊ ሞደላሽ» የተባለ መጽሔት መርከቡንና አውሮፕላኑን በገጾቹ ላይ እያተመ ለብዙ ልጆች አድርሷል። እንግዲህ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሌላ ዕቃ ባነሰበት ጊዜ የተስፋፉ መሆናቸው ለእኛ ልብ የሚባል ነው።

የእኛም ልጅ በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይመጣም። የጭቃ በሬ የሠራ፣ ከሽቦ መኪና ያጠመዘዘ፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ ያደረገ ልጅ ቅርጽ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ በወረቀት ላይ የሚሥሉት አበባና መልአክም ከዚህ ሥራ ብዙ የራቀ አይደለም፤ የቀረው ሥዕሉን ማቆም ብቻ ነው።

«በነፃ» የተባለው ምን ያህል ነፃ ነው?

የማተሚያ መሣሪያ የሚሠሩ ድርጅቶች፣ እንዲሁም እንደ ናሳ ያሉ የሕዋ ምርምር ተቋማት የወረቀት ሞዴሎችን ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ካኖን የተባለው የጃፓን ድርጅት የሚያቀርባቸው እንስሳትና ታዋቂ ሕንፃዎች በውበታቸው የታወቁ ናቸው። ነገር ግን የማተሚያ ቀለም የሚሸጥ ድርጅት ሞዴሉን በነፃ ሲሰጥ ቀለሙ እንደሚፈጅለት ያውቃል። ገጹ ከዳር እስከ ዳር በቀለም የተሞላ ሞዴል፣ ያውም ስምንትና ዐሥር ገጽ የሚወስድ፣ ለአርባ ልጅ ቢታተም በትንሽ በጀት የሚሠራ ኮሚቴ በአንድ ቀን ገንዘቡን ይጨርሳል።

ስለዚህ ምርጫው በመስመር ብቻ የተሣሉ፣ ቀለም ያልተቀቡ፣ በአንድ ገጽ የሚያልቁ ሞዴሎች ላይ ቢሆን ይሻላል። ቀለሙን ልጁ ራሱ በእርሳስ ይቀባዋል፤ ከመቆረጡ በፊት ሲቀባ ደግሞ ወረቀቱ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ይቀልለዋል። ከዚያም የሚበልጥ ቁጠባ አለ። አንዱን ቅጂ ብቻ አትሞ በካርቶን ላይ መለጠፍ፣ ካርቶኑን በጥንቃቄ ቆርጦ መለኪያ ማድረግ፣ ልጆቹም መለኪያውን በወረቀታቸው ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን በእርሳስ እንዲከተሉት ማድረግ ነው። የሚታጠፍባቸው ቦታዎች በመለኪያው ላይ በትንሽ ቀዳዳ ወይም በዳሩ ላይ በጥቂት ንክሻ ይመለከታሉ። በዚህ መንገድ ስድስት መለኪያ ያለው አዳራሽ አርባ ልጅ ያሠራል፤ ወረቀቱም አንዱ ገጹ የተጻፈበት የቢሮ ወረቀት፣ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ወይም የሻይ ቅጠልና የብስኩት ካርቶን ሊሆን ይችላል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ግን፣ ጠንካራ ቢሆንም፣ ብናኙ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ለልጅ አይሰጥ።

የባለቤትነት መብትም አለ። በነፃ የተሰጠ ሞዴል ብዙውን ጊዜ ለቤትና ለትምህርት እንጂ ለንግድ የተፈቀደ አይደለም። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቁ ናቸው። ለባዛር የሚሸጥ ነገር የሚፈልግ ኮሚቴ ቀጥለው እንደሚገለጹት ያሉትን ራሱ የነደፋቸውን ሞዴሎች ቢያዘጋጅ ከጥያቄ ይድናል።

መጠን፣ ወረቀትና ኮላ

በአሜሪካ የተዘጋጁ ሞዴሎች የሚነደፉት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ለሆነ ወረቀት ነው። እኛ የምንጠቀምበት ኤ4 ወረቀት ግን 210 በ297 ነው። ማተሚያው ሥዕሉን በወረቀቱ ልክ እንዲያደርግ ከታዘዘ ሥዕሉን ወደ 97 በመቶ ገደማ ያሳንሰዋል። ሁሉም ክፍሎች በአንድ ልክ እስካነሱ ድረስ ይህ አይጎዳም፤ ሞዴሉ ትንሽ ያንሳል እንጂ ይገጥማል። ችግሩ የሚመጣው አንዱ ገጽ ሳያንስ ሌላው አንሶ ሲታተም፣ ወይም የታተመው ክፍል በማስመሪያ ከተለካ ክፍል ጋር እንዲገጥም ሲፈለግ ነው። ስለዚህ ማተሚያ ቤት የሚላክ ሰው በገጹ ላይ የ5 ሳንቲ ሜትር መስመር አስምሮ ይላክ፤ ታትሞ ሲመጣም በማስመሪያ ይለካው።

ተራው የቢሮ ወረቀት በአንድ ካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል፤ ዐሥራ ስድስት የኤ4 ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሞላ አንዱ ቅጠል 5 ግራም ነው ማለት ነው። ለትንሽ ሞዴል ይበቃል። ቆሞ እንዲቆይና በልጅ እጅ እንዲመላለስ ለሚፈለገው ግን እጥፍ ውፍረት ያለው፣ 160 ግራም የሆነው ይመረጣል። ወፍራም ወረቀት ሳይሰመር ቢታጠፍ እጥፋቱ ይሰባበራል። መድኃኒቱ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ነው፤ በማስመሪያ ጥግ እየተጫነ በእጥፋቱ መስመር ላይ ሲጎተት ወረቀቱን ሳይቆርጥ ጎድጓዳ መንገድ ይተውለታል። ማየት የተሳነው ልጅም ይህን መንገድ በጣቱ ጫፍ ተከትሎ ማጠፍ ስለሚችል፣ በጓደኛው እርዳታ ከቆረጠ በኋላ ሥራውን ይቀጥላል።

ወረቀት በአንድ አቅጣጫ በቀላሉ ይጠቀለላል፤ በሌላው አቅጣጫ ይቃወማል። ይህ የሚሆነው በውስጡ ያሉት የእንጨት ጭረቶች በሚሠራበት ጊዜ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኙ ነው። በሁለቱም በኩል ቀስ ብሎ ጎንበስ በማድረግ ይታወቃል። ክብ ግድግዳ ሲሠራ መለኪያውን እሺ በሚለው ወገን አዙሮ ማስቀመጥ ድካሙን ይቀንሳል።

ኮላ መግዛት ካልተቻለ አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአራት እጅ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ ጓል እስኪጠፋ አማስሎ፣ በትንሽ እሳት እንደ አጥሚት እስኪወፍር ማብሰል ይበቃል። ሲቀዘቅዝ በጣት በስሱ ይቀባል፤ ከበዛ ወረቀቱ በእርጥበት ይጨማደዳል። በክረምት ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፤ ነፍሳትም ይወዱታልና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይሠራ።

የመጀመሪያው ሞዴል፦ ጎጆ ቤት

ለዚህ ሞዴል ማተሚያ አያስፈልግም፤ አንድ ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያና ኮምፓስ ይበቃሉ። ኮምፓስ ከሌለ ክርና እርሳስ ይተካዋል።

ግድግዳው ርዝመቱ 20.4፣ ከፍታው 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ነው። ወረቀቱ ቁሞ ሲያዝ ወርዱ 21 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ጥብጣቡ በአግድም ልክ ይገባል። ከርዝመቱ 18.9 ሳንቲ ሜትሩ ግድግዳ ሲሆን የቀረው 1.5 የኮላው ክንፍ ነው። በግድግዳው መካከል ወርዱ 2፣ ከፍታው 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ በር ይሣላል፤ ከላይና ከአንድ ጎን ተቆርጦ በሌላው ጎን ይታጠፋል፤ ያን ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሆናል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ጥብጣቡን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ጎትቶ ማጎንበስ፣ ከዚያም ክንፉን ወደ ውስጥ አስገብቶ ማጣበቅ ነው። 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ግድግዳ ይቆማል።

ለጣሪያው ከቀረው ወረቀት ላይ ሬዲየሱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ይሣላል። በመካከሉ የሚያልፉ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች በመስቀለኛ ተሠምረው ክቡ አራት እኩል ቦታ ይከፈላል። አንዱ ሩብ ይወጣል፤ ነገር ግን በአንዱ ጠርዝ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክንፍ ይቀርለታል። የተቆረጡት ሁለት ጠርዞች ሲገናኙ ጠፍጣፋው ወረቀት ሾጣጣ ጣሪያ ሆኖ ይነሣል።

በዚህ ቦታ መምህሩ ትንሽ ቢቆም መልካም ነው። የሙሉው ክብ ዙሪያ 37.7 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ሩቡ ሲወጣ 28.3 ይቀራል፤ ይህ ለ3.14 ሲካፈል 9 ይሆናል። ስለዚህ የጣሪያው ስፋት 9፣ የግድግዳው 6 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ክዳኑ በየወገኑ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከግድግዳው ያልፋል፤ ዝናብ ከግድግዳ የሚርቀው በዚህ ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የደረሱ ልጆች ይህን ራሳቸው ያስሉት፤ ከሩቡ የሚበልጥ ቢወጣ ጣሪያው እንደሚሾል፣ የሚያንስ ቢወጣ እንደሚዘረጋ ሞክረው ይዩት። በሰሌዳ ላይ ዓመት ሙሉ የተነገረ የክብ ዙሪያ ቀመር በእጅ ላይ ሲያዝ እንዲህ ያለ መልክ አለው።

ጣሪያው በግድግዳው ላይ አይጣበቅ። እንዲነሣ ሆኖ ከቀረ ልጁ በውስጡ ጠጠርም ባቄላም ከወረቀት የተቆረጠ ሰውም ያስገባበታል፤ ያን ጊዜ ሥራው አልቆ ጨዋታው ይጀመራል። አራት አምስት ጎጆ አንድ መንደር ነው።

ለከፍ ያሉት፦ ቤተ ጊዮርጊስ

ዐሥር ዓመት ላለፋቸውና መቀስ ለለመዱ ልጆች የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ጥሩ ፈተና ነው። የሕንፃው መልክ አራት እኩል ክንፍ ያለው መስቀል ስለ ሆነ በአምስት እኩል አራት ማዕዘኖች ሊወከል ይችላል፤ አንዱ በመካከል፣ አራቱ በዙሪያው። እንዲህ ያለ ቅርጽ ዐሥራ ሁለት ግድግዳ አለው።

ግድግዳዎቹ ሁሉ ከአንድ ጥብጣብ ይወጣሉ። ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ በርዝመቱ እያንዳንዳቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ዐሥራ ሁለት ክፍሎች ይለኩበት፤ በመጨረሻም 1.5 ሳንቲ ሜትር ክንፍ ይጨመር። ጠቅላላው 25.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በኤ4 ወረቀት ቁመት ይገባል። አስቸጋሪው የእጥፋቱ ቅደም ተከተል ነው፤ ሁለቱ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፣ ሦስተኛው ወደ ፊት፤ እንዲህ እየተደጋገመ አራት ጊዜ ይሄዳል፤ የመጨረሻው እጥፋት ክንፉ የሚጀምርበት ነው። ልጁ «ኋላ፣ ኋላ፣ ፊት» እያለ በቃሉ ቢያዜመው አይስትም። ጣሪያው ከአምስቱ አራት ማዕዘኖች የተሠራው መስቀል ነው፤ በግድግዳው የላይ ጠርዝ ለየክፍሉ ጫፎቻቸው ዘመም ተደርገው የተቆረጡ ትንንሽ ክንፎች ተትተውለት በእነዚያ ላይ ይለጠፋል። ከመለጠፉ በፊት ልጁ በጣሪያው ላይ እንደ እውነተኛው አንዱ በሌላው ውስጥ ያሉ ሦስት መስቀሎችን ይሣል።

ከዚያም የጫማ ካርቶን ከፍታው 6 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር ተደርጎ ይቆረጥና ሞዴሉ በውስጡ ይቀመጥ። የጣሪያው ገጽ ከካርቶኑ አፍ ጋር እኩል ሲሆን ልጁ ዋናውን ነገር ያስተውላል፤ ቤተ ጊዮርጊስ ከምድር ወደ ላይ የተገነባ ሳይሆን ከአለቱ ገጽ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው። እኛ በመጨመርና በማጣበቅ የሠራነውን የጥንቶቹ ጠራቢዎች በመቀነስ ሠሩት፤ መቀሳችን ቢስት ሌላ ወረቀት እናነሣለን፣ የእነርሱ መሮ ቢስት ግን የሚተካ አለት አልነበረም። ይህን በቃል ብቻ ሲነገር የሰማ ልጅና በካርቶኑ ውስጥ ያየ ልጅ እኩል አይረዱትም።

ስለ አሠሪው

ብዙውን ጊዜ የሚያንሰው ወረቀት ሳይሆን መቀስ ነው። አርባ ልጅና ስምንት መቀስ ካሉ አምስት አምስት ሆነው ይቀመጡ፤ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ይለካ፣ ሌላው ይቀባ፣ ሌላው እጥፋቱን ያስምር። ጫፉ የዶለዶመ መቀስ ይመረጣል፤ ምላጭ በአሠሪው እጅ ብቻ ይሁን፤ ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ቁርጥራጩን ወደ አፋቸው ስለሚወስዱ በሌላ ቦታ ይያዙ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የአዋቂው እጅ ነው። ልጁ ጠርዙን አጣሞ ሲቆርጥ ያየ ወጣት አገልጋይ መቀሱን ተቀብሎ ያስተካክልለታል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያጣምም ደግሞ ይሠራለታል፤ በመጨረሻም ያማረው ጎጆ የአገልጋዩ፣ ዝም ብሎ የቆመው ልጅ ግን ምንም ያልሠራ ይሆናል። በበጎ ልቡና የሚደረግ በመሆኑ ማንም አይገሥጸውም። ለሪፖርት ፎቶ ሲፈለግ ጉዳቱ ይብሳል፤ ካሜራው የሚወደው ቀጥ ያለውን ነውና። ኮሚቴዎች የሥራውን ውጤት ሲመዝኑ ስንት ሞዴል አማረ ከማለት ይልቅ ስንት ልጅ ያለ ሌላ ሰው እጅ ጨረሰ ብለው ቢቆጥሩ ይሻላል። ጣሪያው ያዘነበለ ጎጆ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ያልጨረሰ ልጅ ካለም ቁርጥራጩ በስሙ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ቀን ይቀመጥለት።

አንድ ሰዓት ተኩል ለጎጆው ይበቃል። ለቤተ ጊዮርጊስ ሁለት ቀን መያዝ ይሻላል፤ በመጀመሪያው ቀን ይለካል፣ ይቀባል፣ ይሰመራል፤ በሁለተኛው ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ ይጣበቃል። በቤታቸው ለሚሠሩ ልጆች የተቆረጠ መለኪያና ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ አብሮ ቢላክ ወላጅ ሌላ የሚገዛው ነገር አይኖርም።

መለኪያዎቹ በክረምት እርጥበት እንዳይጎብጡ በፕላስቲክ ከረጢት ታስረው፣ በላያቸው የሞዴሉ ስምና ትልቁ ልክ በቁጥር ተጽፎ ይቀመጡ። ካርቶን በብዙ እጅ ሲመላለስ ጠርዙ ይበላል፤ ያን ጊዜ አዲስ መለኪያ የሚቀዳው ከመጀመሪያው ንድፍ ላይ ነው። ከመለኪያ ላይ መለኪያ ቢቀዳ በየጊዜው የእርሳሱ መስመር ውፍረት እየተጨመረበት ከሦስትና ከአራት ቅጂ በኋላ ክንፉ ከቦታው አይደርስም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ንድፍ አንድም ልጅ ሳይሠራበት በኮሚቴው መዝገብ ውስጥ ይኑር።